ባለቤት ያልተገኘላቸው ለውጦች

ጥር 6

ማሙሽ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ይህን የጻፍኩት ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው እንጂ እኔ ደህና አይደለሁም። እማዬ ግን ደህና ናት። ዛሬ በምርኩዟ እስከ በሩ ድረስ ሄዳ ተመልሳለች፤ ሰላም በይልኝ ብላኛለች።

«ፈተናው እንዴት ነበር?» ብለህ ጽፈሃል። ሦስት ጊዜም ደውለሃል። አላነሳሁም፣ ወደፊትም አላነሳም። በስልክ ስታወራ ታስቀኛለህ፤ ከሳቅኩ ደግሞ የተናደድኩበትን እረሳለሁ። ይኼን መርሳት አልፈልግም። ስለዚህ በጽሑፍ እንነጋገር።

የሥራ ፈተናው እንዲህ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎች፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን። መሀል ላይ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ የክፍሉ ኃላፊ። በቀኟ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት መሐንዲስ፣ በግራዋ የሠራተኛ አስተዳደር። የሚፈልጉት የግንባታ ኃላፊ ነው፤ ማለትም ከመቶ ቦታ የሚመጣውን ኮድ ተቀብሎ፣ አገጣጥሞ፣ ፈትኖ፣ የተበላሸውን «ውሰድ፣ አስተካክለህ አምጣ» ብሎ ለላኪው የሚመልስ ሰው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። ማስታወቂያውን ሳነበው ስለ እኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ።

ኃላፊዋ «ሠራሁበት የምትዪውን ፕሮጀክት እናውቀዋለን» አለችኝ። የደም ምርመራ ውጤት የሚመዘገብበት ፕሮግራም፣ ስንት ሆስፒታል የሚጠቀምበት፣ ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ሦስት መቶ ሰው ከየቤቱ የሚያሻሽለው፤ ማን የማያውቀው አለ? ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ። ወጣቱ የለውጥ ታሪኩን ስክሪኑ ላይ ከፈተው። እያንዳንዱ ለውጥ ከነቀኑ፣ ከነሠሪው ስም የሰፈረበትን። ስሜን ጻፈና ፈለገ።

ዜሮ።

የአባቴን ስም ጨምሮ ፈለገ፣ ዜሮ። የስሜን ፊደል ቀያይሮ ፈለገ፣ ዜሮ። ኃላፊዋ «ምናልባት ሌላ ፕሮጀክት ይሆን እንዴ?» አለች፤ በደግነት፣ መንገድ የጠፋባትን አሮጊት እንደምታናግር ሁሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እኔም «የግንባታውን ፋይል ክፈትና የፈለግከውን መስመር ጠይቀኝ» አልኩት። መስመር በመስመር አስረዳሁት። ይህ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚፈተን፣ ያኛው ለምን መጨረሻ ላይ እንደመጣ፣ ያቺ የማትረባ የምትመስለው መስመር ብትነሳ በአሮጌ ማሽን ላይ የታካሚው የምርመራ ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ እንደሚሄድ። አዳምጦ አዳምጦ ምን አለኝ መሰለህ? «ይኼን የጻፈው ወንድምሽ ነው አይደል? የአባታችሁ ስም አንድ ነው። በጣም ጥሩ አድርጎ አስረድቶሻል።»

አስረድቶሻል!

ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ያንተ ስም አለ ማሙሽ። የመጀመሪያው መስመር ላይ እንኳን። ያ መስመር ሲጻፍ አንተ ዩኒፎርም ለብሰህ አልጀብራ ስትወድቅ ነበር!

ማስረጃ እንዳቀርብ እስከ ጥር ሠላሳ፣ አርብ እኩለ ቀን ድረስ ጊዜ ሰጥተውኛል። ካላቀረብኩ በዚህ ከተማ ውሸታም ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው፤ የዚህ ሙያ ሰዎች ሁሉም ይተዋወቃሉ። አሁን አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ ታሪኩን ምን አደረግከው?

እህትህ


ጥር 8

ውድ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለሽልኝ? እማዬስ እንዴት ናት? ዳሌዋ ላይ ያስቸግራት የነበረው ሕመም ቀለል አላት? ምርኩዙ ከከበዳት ቀላል ዓይነት አይቻለሁና ልላክላት። እንቅልፍስ ትተኛለች? አንቺስ ጀርባሽን እንዴት ነሽ? እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ፤ ሥራ ብቻ ነው ፋታ የነሳኝ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ቶሎ ልጽፍልሽ አስቤ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ሆኖብኝ ነው።

ስለ ፈተናው ያነበብኩት በጣም አሳዝኖኛል። የሆነውን ላስረዳሽ። ከአሮጌው የለውጥ መመዝገቢያ ወደ አዲሱ የተሸጋገርን ጊዜ፣ አሮጌው የሚያውቀው አጭር የመለያ ስም ብቻ ነበር። አዲሱ ሙሉ ስምና አድራሻ ይፈልጋል። ስለዚህ «ይህ መለያ እከሌ ነው፣ ያኛው እከሊት ናት» የሚል ዝርዝር ተዘጋጀ። ያንቺ የኢሜይል አድራሻ ከመሥሪያ ቤት ስትለቂ ተዘግቷል። አዲሱን ልጠይቅሽ አስቤ ነበር፤ እማዬ ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና ያደረገችበት ሳምንት ነበርና አፈርኩ። ፕሮግራሙ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ሲያጋጥመው ሥራውን ሽግግሩን ለሚያካሂደው ሰው ይሰጠዋል። የሚያካሂደው እኔ ነበርኩ። እንግዲህ ቴክኒካዊ ስህተት ነው።

አሁን እንዳይስተካከል የሚያደርገውን ችግር ከእኔ ይበልጥ አንቺ ታውቂዋለሽ። እያንዳንዱ ለውጥ መለያ ቁጥሩ ከሠሪው ስምና ከእሱ በፊት ካለው ሁሉ ጋር የተቆራኘ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንድ ስም ከተነካ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይለወጣል፤ ሦስት መቶ ሰው ቤት ያለው ቅጂ ከዋናው ጋር አይገጥምም። ለአንድ ስም ብሎ ይህን ማድረግ ይከብዳል።

ሌላ መንገድ ግን አለ። እኔ ራሴ በድርጅታችን ወረቀት ላይ፣ በማኅተም፣ ለሠራሽው ሥራ ምስክርነት እጽፍልሻለሁ። ነገውኑ መላክ እችላለሁ። ለማን ብዬ ላድርገው?

አክባሪሽ ወንድምሽ


ጥር 9

ማሙሽ፣

ሰላምታህ ከመልስህ ረዘመ። ድሮም መስኮት ስትሰብር እንዲህ ነበርክ፤ መጀመሪያ የሁሉንም ጤና ትጠይቃለህ።

ምስክርነት ልትጽፍልኝ ነው? በማኅተም? ቤቴን ይዞ «እዚህ ትኖር እንደነበር እመሰክርላታለሁ» እንደሚል ሰው? ለማንም አታድርገው። ወረቀቱንም ማኅተሙንም እዚያው ያዘው።

አሁን እኔ ላስረዳህ። የሽግግሩን መዝገብ አነበብኩት። ማንም እንዲያየው በይፋ የተቀመጠ ነው፤ የሚያየው ጠፍቶ ነው እንጂ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ፕሮግራሙ ቆሞ ጠይቆሃል፦ «ባለቤት ያልተገኘላቸው ለውጦች፦ 6,412። ልቀጥል?» ከሥሩ ያንተ መልስ አለ። «አዎ።»

ባለቤት ያልተገኘላቸው! ባለቤታቸው እኮ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስልክ ቁጥሯን በቃልህ ታውቀዋለህ።

እሺ፣ ይኼ ይሁን። ሰው ይቸኩላል፣ አንተ ደግሞ ከተወለድክ ጀምሮ ቸኩለሃል። ለዚህ ብቻ ቢሆን ሁለት ቀን ተሳድቤ እተወው ነበር። ግን ፍለጋዬን ቀጠልኩ። ከሽግግሩ ስምንት ወር በኋላ ሐኪሙ፣ ያ ቤተ ሙከራ ውስጥ እየሠራ ማታ ማታ ኮድ የሚልክልን ሰውዬ፣ ጥያቄ ከፍቶልሃል። «እነዚህ ሥራዎች የእህትህ አይደሉም እንዴ? ስማቸው ተሳስቷል» ይላል። አንተም «ስለ ጥቆማው አመሰግናለሁ፣ በሚቀጥለው ዙር ይስተካከላል» ብለህ ጥያቄውን «ተጠናቋል» በሚል ዘግተኸዋል። ተጠናቋል!

ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ አሁን ያለህበት ድርጅት ይህንኑ ፕሮግራም እንድትመራ ቀጠረህ። ንግግርህንም በቪዲዮ አየሁት። መድረክ ላይ ቆመህ የእያንዳንዱን ሰው ሥራ የሚያሳይ ስዕል ታሳያለህ፤ ያንተ ዓምድ ከሁሉም ይረዝማል፣ ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሰው ያጨበጭባል። አንተም ጭንቅላትህን ዝቅ ታደርጋለህ፣ እንደ ትሑት። ያ ዓምድ እኔ ነኝ ማሙሽ። እኔን አቁመህ ነው ለራስህ ያስጨበጨብከው።

እማዬ ቅድም «ኪቦርዱ ምን አደረገሽ?» አለችኝ፤ እየደበደብኩት ነው መሰለኝ። ምንም አልነገርኳትም። ልጅሽ ሌባ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?

እህትህ


ጥር 13

እትዬ፣

ሌባ ብለሽኛል። ቃሉን አራት ቀን ይዤው ዞርኩ፤ ቢሮ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ሊፍት ውስጥ። ልክ ነሽ ለማለት ነው አራት ቀን የፈጀብኝ።

«አዎ» ስል ሰኞ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ግንባታው ቀይ ሆነ፣ ማለትም ከሚፈተንባቸው አርባ ዓይነት ማሽኖች ሃያ ሁለቱ ላይ ወደቀ። ቀይ እስኪጠፋ ወር ሄደ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በአዲሱ ታሪክ ላይ መሥራት ጀምሮ ነበር። ከዚያ የሐኪሙ ጥያቄ መጣ። ለምን እንደዘጋሁት አውቃለሁ። ከድርጅቱ ጋር ንግግር ጀምሬ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ግን አንቺም ስሚኝ። አንድ ቀን ተነስተሽ «እማዬ ወድቃለች» ብለሽ ሄድሽ። ይህን ሁሉ ዕቃ፣ የትኛው ለምን እንደሚሠራ ጭንቅላትሽ ውስጥ ብቻ ይዘሽ። አንዲት ገጽ ማስታወሻ አልተውሽልኝም። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ለውጥ ማስገባት አልቻልንም። ሦስት መቶ ሰው እኔ ላይ ጮኸ። ሦስት ጊዜ ለመንኩሽ፤ «አሁን አልችልም» የምትል አንድ መስመር መለስሽልኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን «ግንባታው እንዴት ነው?» አላልሽኝም። አንዳንዴ ስምሽን መዝገቡ ላይ ሳጣው ደስ የሚለኝ ቀን ነበር፣ ንዴቴ ይበርድልኝ ነበር። ይህንንም ይኸው ጻፍኩት።

ስሙን ብቻ የሚያርም ዝርዝር ለመጨመር ሞክሬ ነበር፣ ታሪኩን ሳይነኩ። አልሆነም። የእኔም ያንቺም በአንድ ስምና በአንድ አድራሻ ገብቷል፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም። ያለው መንገድ ሁሉንም እንደ አዲስ መሥራት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ የምፈራው ቅጂዎቹ መበላሸታቸውን አይደለም። ሦስት መቶ ሰው «ለምን?» ሲለኝ የምመልሰውን ነው።

ደግሞስ ከምን ተነስተን? አሮጌው ሰርቨር ከተዘጋ ቆየ እኮ። ቅጂ ያለው ሰው ታውቂያለሽ?

ማሙሽ


ጥር 15

ማሙሽ፣

ቅጂው እኔ ጋ አለ። በየሳምንቱ አርብ ቅጂ የሚወስደው ማን ነበር? የመጨረሻው ከእማዬ ራጅ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። ትናንት አወጣሁት፣ ይሠራል።

ስለ ሁለቱ ወር ልክ ነህ። መጻፍ ነበረብኝ። አሥራ አንድ ዓመት እያንዳንዱን ሰው «ማስታወሻ የሌለው ለውጥ አይገባም» እያልኩ ስጮህ፣ የራሴን ጭንቅላት ሳልጽፍ ሄድኩ። ይህን አምናለሁ።

የቀረውን ግን አልቀበልህም። አንድ መስመር የመለስኩልህ እማዬን አቅፌ ገላዋን እያጠብኩ፣ ስልኩን በክርኔ ይዤ ነው። አንተስ እማዬ በቀን ስንት ኪኒን እንደምትውጥ ታውቃለህ? የቱን ከምግብ በፊት፣ የቱን በኋላ? አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠይቀሃል? እኔ ግንባታውን ላንተ ጣልኩብህ፣ አንተ እናትህን ለእኔ ጣልክብኝ፤ እዚህ ላይ እኩል ነን። ስሜ ግን ከዚህ ሂሳብ ውስጥ የለበትም። ስሜን ማንም አላወረሰህም።

አሁን ሥራ። ከአርብ ጀምሮ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ነበር፤ እማዬ ሽንኩርት የምትከትፍበት አጣች። ሐሳቡ ይህ ነው። ረቡዕ ጥር ሃያ ስምንት ዋናው ቅርንጫፍ፣ የሁሉም ሰው ኮድ የሚገባበት፣ ይዘጋል፤ ማንም ምንም አያስገባም። በእጁ ያልጨረሰው ሥራ ያለበት ሰው ሁሉ እስከዚያ ቀን ድረስ ይላክልኝ፣ ወደ አዲሱ ታሪክ የሚያዛውር መሣሪያ ሠርቻለሁ፤ የአንድም ሰው ሥራ አይጠፋም። ሽግግሩን ከአሮጌው ቅጂ እንደ አዲስ አካሂደዋለሁ። ኮዱ አንተ ካሸጋገርከው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፣ የሚለየው ስም ብቻ ነው። ከዚያ ለሆስፒታሎች የሰጠነውን እያንዳንዱን እትም ከአዲሱ ታሪክ መልሰን እንገነባና ከተሰጠው ጋር እናስተያያለን። አንዲት ፊደል ከተለየች ሁሉም ይሰረዛል፣ እኔም ውሸታም እንደተባልኩ እኖራለሁ። በሰው ደም ውጤት ላይ ለስሜ ብዬ አልቀልድም።

የሌለኝ ሁለት ነገር ነው፤ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ የማስገባት ሥልጣንና ለሦስቱ መቶ ሰዎች የሚወጣው ማስታወቂያ። ሁለቱም አንተ ጋ ናቸው። ማስታወቂያውን አንተ ትጽፋለህ። ረቂቁን አስቀድመህ ለእኔ ላክ።

እህትህ


ጥር 22

ማሙሽ፣

ረቂቅህ ደረሰኝ። ማንም ሰው የላከልኝን ለውጥ እንደምገመግመው ገመገምኩት። ውጤቱ፦ አይገባም። ምክንያቴ ይኸውልህ።

መስመር አንድ፤ «በአንዳንድ ቴክኒካዊ ምክንያቶች የተነሳ»። የትኞቹ? አንድ ምክንያት ነው ያለው፣ እሱም ጥርስና ምላስ አለው፤ አንተ ነህ።

መስመር ሁለት፤ «የለውጥ ታሪካችን በመጠኑ ይስተካከላል»። ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት በማን ቤት ነው «በመጠኑ» የሚባለው? ቁጥሩን ጻፈው። በፊደልም በአኃዝም።

መስመር ሦስት፤ «የአንዳንድ ቀደምት ተሳታፊዎች ስም ሳይተላለፍ ቀርቷል»። እኔ አንዳንድ አይደለሁም፣ አንድ ነኝ። እህትህ ነኝ። ደግሞ ማን ሳያስተላልፈው ቀረ? ስሜ ደክሞት መንገድ ላይ ተቀመጠ? በሽግግሩ ቀን ማየትህን ጻፍ፣ ሐኪሙ መጠየቁን ጻፍ፣ መዝጋትህን ጻፍ።

መስመር አራት እና አምስት ስለ እማዬ ሕመም ነው። ሙሉ በሙሉ ይውጣ። እማዬን ለዚህ አትጠራትም።

መስመር ስድስት፤ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን»። ከማን ጋር ሆናችሁ?

መስመር ሰባት ላይ «በጸጸት የተሞላው ልቤ» ብለሃል። እሱንም አውጣው። ልብህን ማንም አልጠየቀህም፤ ሰው የሚፈልገው ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንደሚስተካከል ነው። ለአንድ ጀማሪ «ማስታወሻህን አሳጥር፣ የሆነውን ብቻ ጻፍ» ስትለው ሰምቼሃለሁ። ያን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ፤ ለራስህ ተጠቀምበት።

«ሥራዬን ቢነጥቁኝስ?» ብለህ ከግርጌ ጠይቀሃል። ሊነጥቁህ ይችላሉ። እኔ ሳልነጠቅ የቀረሁ መሰለህ?

አስተካክለህ እንደገና ላክ። እስከ እሑድ።

እህትህ


ጥር 29፣ ከቀትር በኋላ

እትዬ፣

ማስታወቂያው ሰኞ እንደወጣ አይተሻል። አራት መስመር ብቻ ሆነ። ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን የሠራችው እህቴ ናት፣ በእኔ ስም መግባቱን ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር፣ ሲጠይቁኝም ዘጋሁት፣ ታሪኩ ረቡዕ ይስተካከላል። «ላክ» የሚለውን ለመጫን ከሰላሳ ደቂቃ በላይ ፈጀብኝ።

ከሁለት መቶ በላይ መልስ መጣ። ሁሉንም አነበብኩ። የሚሰድበኝ ቀለለኝ፤ የከበደኝ «ምነው?» ብቻ ብሎ የጻፈው ነው። አንድ ሆስፒታል አዲሱን እትም ሊጭን ተዘጋጅቶ ሳምንት እንዲጠብቅ ስለተደረገ በስልክ ጮኸብኝ። ሐኪሙ የጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «በመጨረሻ።» ድርጅቱም ትናንት ጠርቶኛል። ከነገ ወዲያ ኃላፊነቱን አስረክባለሁ፣ ዋናውን ቅርንጫፍ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይይዙታል። ያንቺን ታሪክ ማስገባት የመጨረሻ ሥራዬ ነው።

ለእማዬም ራሴ ደውዬ ነገርኳት። ከአንቺ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብዬ። «እሷ ያበሰለችውን አንተ አቀረብክ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ስልኩን ዘጋችው፣ ደህና ዋል እንኳን ሳትለኝ።

አሁን ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ትናንት ከሰዓት ሁሉም አለቀ። አርባውም ማሽን ላይ አረንጓዴ ነው። የአምስት ዓመት እትሞች አንድ በአንድ ተገንብተው ከተሰጡት ጋር ገጥመዋል፤ አንዲት ፊደል አልተለየችም። እንዲህ የጠራ ሥራ አይቼ አላውቅም። «ልጫነው?» ስልሽ «ቆይ» አልሽኝ። ዛሬ ጠዋትም «ቆይ»። ሦስት መቶ ሰው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ቀጠሮሽ ነገ እኩለ ቀን ነው እትዬ! ምን ቀረ? ልጫነው?

ማሙሽ


ጥር 29

አትጫን። አረንጓዴ ማለት ኮዱ ይሠራል ማለት ነው እንጂ ስሙ ትክክል ነው ማለት አይደለም። አልጨረስኩም። ሰዎቹ ይጠብቁ።


የካቲት 5

ማሙሽ፣

በደብዳቤህ ሦስት ነገር ጠይቀሃል።

የመጀመሪያው፤ አልተቀጠርኩም። አርብ እኩለ ቀን ላይ ሸበቶዋ ኃላፊ ታሪኩን ስትከፍት አሁንም ዜሮ ነበር። አንድ ቀን ጨምሩልኝ ብዬ ለምኛት ነበር፤ የበላዮቿ ያን ዕለት ስለሚወስኑ አልቻለችም። አንተ የጫንከው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰኞ ደወለችልኝ። አይታዋለች፣ ገጽ በገጽ። ቦታው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። «ሌላ ሲከፈት እደውልልሻለሁ፣ ያን ጊዜ ፈተና የለም» አለችኝ። ያ ወጣትም ይቅርታ ይልሻል አለችኝ። ራሱ ይደውል አልኳት።

እንዳታዝንልኝ። ካዘንክልኝ ሌላ እናደዳለሁ።

ሁለተኛው፤ «በአዲሱ ታሪክ ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ በስሜ ሠላሳ ስምንት ለውጦች አየሁ፣ ከየት መጡ?» ብለሃል። ረስተሃቸዋል ማለት ነው። ልንገርህ።

ዓይኔን ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ሁለት ሳምንት በፋሻ ታሽጌ የተኛሁበትን ታስታውሳለህ? ዩኒቨርሲቲ ገና መግባትህ ነበር፣ የራስህ መለያ አልነበረህም። የደም ናሙናው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አልታተም ብሎ ሰው ሲያለቅስብን የእኔን የይለፍ ቃል ሰጠሁህና አንተ አስተካከልከው። ከዚያ በኋላም መለያ እስኪሰጥህ ድረስ አልፎ አልፎ በእኔ ትገባ ነበር። አሮጌው መዝገብ ይህን አያውቅም፤ ሁሉም በእኔ መለያ ነው የተቀመጠው። የእኔ መሣሪያም አያውቅም፣ በመለያው ያለውን ሁሉ ለእኔ ሰጠኝ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ፣ እንዲያው ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ የድሮ ማስታወሻዎቹን ሳገላብጥ አንዱ ላይ «ይህን ካየሽ አትሳቂብኝ፣ ሌላ መንገድ አጥቼ ነው» የሚል አገኘሁ። እኔ ለራሴ አትሳቂብኝ ብዬ አልጽፍም። ደነገጥኩ። ታሪክህ ተበላሽቶ በነበረበት ጊዜ ከስድስት ሺዎቹ ውስጥ በትክክለኛ ባለቤታቸው ስም የተቀመጡት እነዚያ ብቻ ነበሩ፤ እኔ ላስተካክል ብዬ ልነጥቅህ ነበር።

ስንት እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ስለዚህ የሁለቱን ዓመት ማስታወሻ ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ አነበብኩት። ስታርም የምትጽፍበትን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ኮዱን አይቼ «ይኼ የእሱ ነው፣ ይኼ የእኔ ነው» እያልኩ ለየሁ። አንዳንዱ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጫለሁ። እማዬ ምሳ ይዛልኝ መጥታ «አሁንም የእሱን ነው የምትሠሪው?» አለችኝ። ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስልህ። ከመጀመሪያው እስከ ሠላሳ ስምንተኛው ድረስ እየሰደብኩህ ነው የለየሁት፣ አንዳንዱን ስድብ እማዬ ሰምታ ደንግጣለች። ከዚያ መሣሪያውን አርሜ፣ ሽግግሩን እንደገና አካሂጄ፣ እትሞቹን እንደገና ገንብቼ ስጨርስ ቅዳሜ ሆነ።

አርብ እኩለ ቀን እንደሚያልፈኝ አውቅ ነበር። ሐሙስ «ጫን» ብልህ ኖሮ ዛሬ ሥራ ላይ ነበርኩ። ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ሐኪሙም አያውቅም፣ ሦስቱ መቶም አያውቁም፣ አንተ ራስህ እንኳን ረስተሃቸው ነበር። ከስድስት ሺህ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ማን ይቆጥራል?

በመጨረሻው መስመርህ ይቅር ብዬህ እንደሆነ ጠይቀሃል። አላልኩህም። መቼ እንደምል አላውቅም። እስከዚያ ግን አንተም አንድ ነገር መልስልኝ፤ ለቁጣ አይደለም፣ እውነት ሳይገባኝ ቀርቶ ነው። እኔ ያንተን ሠላሳ ስምንት ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ በእጄ ይዤ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። አንተ የእኔን ስድስት ሺህ ይዘህ ሦስት ዓመት እንዴት ተኛህ?

እህትህ